«ኦቫሪሽ በሲስት ተሞልቷል» ተባልኩ፤ ማርገዝ እችላለሁ ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። የላከችልኝ የ29 ዓመት ሴት ናት፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ከተጋቡ 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኗቸዋል። ፔሬዷ አንዳንዴ በ45 ቀን፣ አንዳንዴ በ3 ወር ነው የሚመጣው። አልትራሳውንድ ታየችና «ሁለቱም ኦቫሪዎችሽ በሲስት ተሞልተዋል፣ ፒሲኦኤስ ነው» ተባለች፤ «ብዙ ሲስት ያለበት ኦቫሪ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ስም ማሳጠሪያ ነው። ከፋርማሲ ክሎሚድ የሚባለውን እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን ገዝታ 2 ጊዜ ወሰደች፤ አልሆነም። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒትም ታዞላት ነበር፤ ሲያስመልሳት ተወችው። ቁመቷ 1.60፣ ክብደቷ 78 ኪሎ ነው። ባለቤቷ የኤፍኤስአር ሹፌር ነው፤ ወደ ሐዋሳ መስመር ይሠራል፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ቤቱ ያድራል። «እሱ ጤነኛ ነው» ብላ ጽፋለች። ሲስቶቹ በኦፕሬሽን ይውጡልኝ ወይ? መሃን ነኝ ወይ? የት ልሂድ? አማቴ ጸበል ግቢ እያሉኝ ነው፣ ምን ልበላቸው? ትላለች።

እሺ እህቴ። መጨረሻ ላይ የሚባለውን ላስቀድምልሽ። መሃን አይደለሽም። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ይወልዳሉ፤ አንዳንዷ ያለ ምንም መድኃኒት፣ አንዳንዷ በ5 ቀን ክኒን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ረዘም ያለ መንገድ ሄደው። ኦፕሬሽንም አያስፈልግሽም፤ «ሲስቱን ለማውጣት» በሚል ምክንያት ደግሞ በፍጹም። ይሄ ሲስት የሚሉት ቃል ስንቷን ሴት እንቅልፍ እንደነሳ ስለማውቅ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አልትራሳውንዱ ላይ ያሳዩሽ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣቦች ዕጢ አይደሉም። እንቁላሎችሽ የተቀመጡባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ ፎሊክል እንላቸዋለን። መጠናቸው ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሿ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፣ ትልቋ ሽምብራ ታክላለች። በማንኛዋም ሴት ኦቫሪ ውስጥ በየወሩ ጥቂቶቹ ማደግ ይጀምራሉ፤ አንዷ ቀድማ ትወጣና 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትደርስ ፈንድታ እንቁላሏን ትለቃለች፤ የቀሩት ይከስማሉ። አንቺ ጋ ግን ብዙ ይነሳሉ፣ አንዷም ሳትቀድም ሽምብራ እንዳከሉ እዚያው ይቆማሉ። የቆሙት ዳር ዳሩን ተደርድረው እንደ መቁጠሪያ ይታያሉ። «ተሞልቷል» ያሉሽ እሱን ነው።

ስለዚህ የእንቁላል እጥረት የለብሽም። እንዲያውም ከእኩዮችሽ ሳይበልጥ አይቀርም። የጠፋው እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን ነው።

ስሙ ነው ያሳሳተን። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይን እና ሌቨንታል የሚባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች የ7 ሴቶችን ታሪክ ጻፉ፤ ፔሬዳቸው የተዛባ፣ ኦቫሪያቸው የተለቀ ሴቶች ነበሩ። ከኦቫሪው ላይ ቁራጭ ቆርጠው ሲያወጡ ፔሬዱ ተመለሰ። ያኔ ኦቫሪን የሚያሳይ አልትራሳውንድ የለ፣ እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን የለ፤ ቢላዋው ለብዙ ዓመት ዋናው ሕክምና ሆኖ ቆየ። በኋላ ግን የተቆረጠው ቦታ ሲድን ከአካባቢው ጋር እየተጣበቀ ራሱ ሌላ የመካንነት ምክንያት እንደሚሆን ታየ፤ ክኒኑም መጣ፤ ቢላዋው ቀረ። ዛሬ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ኦቫሪውን ጥቂት ቦታ ላይ መብሳት የሚባል አለ፤ እሱም ክኒን እምቢ ሲል ለአንዳንዶች የሚታሰብ ነው። አንቺ ገና ክኒኑን በወጉ አልሞከርሽም፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

በሽታው አለ የሚባለው ከ3 ምልክት 2ቱ ሲገኙ ነው። የተዛባ ፔሬድ፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ፣ ወይም በአገጭና በደረት ፀጉር፣ በማይለቅ ብጉር የሚታይ)፣ ሦስተኛው ያ የአልትራሳውንድ መልክ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ነው የምንሄደው። አንቺ ሁለቱ አሉሽ። ግን ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞንም ፔሬድ ያዛባሉ፤ እነሱ ሳይታዩ «ፒሲኦኤስ» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ታይተውልሽ ከሆነ አልጻፍሽውም።

አሁን ወደ ቆጠራው። ፔሬዷ በ28 ቀን የሚመጣ ሴት በዓመት 13 ጊዜ ዕድል አላት። አንቺን በአማካይ በ2 ወር አንዴ ብለን እንያዝ፤ 6 ጊዜ ነው፤ ከ6ቱም እንቁላል ያልወጣበት ይኖራል፣ ምክንያቱም ፒሲኦኤስ ላይ እንቁላል ሳይወጣ የሚደማ ፔሬድ ብዙ ነው። 1 ዓመት ከ8 ወር ሞከርን ስትይኝ እኔ ወደ 10 ዙር ብቻ ነው የማየው፣ ያውም ጎዶሎ። ባልሽ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የሚያድረው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እሱ ቀድሞ ገብቶ ቢጠብቃት ይገናኛሉ፤ እሷ ወጥታ እሱ ሻሸመኔ ላይ ጎማ እየቀየረ ከሆነ አይገናኙም። እስካሁን ስንት ጊዜ በትክክል እንደተገናኙ ማንም አያውቅም። ምናልባት ሦስቴ። ምናልባት አንዴም።

ከዚህ ላይ ደግሞ «ከ10ኛው እስከ 16ኛው ቀን ነው» የሚለው ምክር አለ። ጓደኛም ይመክራል፣ የስልክ አፕም ይመክራል። ቀኑ ትክክል የሚሆነው ፔሬዷ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው ፔሬድ 14 ቀን ገደማ ቀድሞ ነው፤ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ፔሬድሽ በ45 ቀን ከመጣ እንቁላሉ የወጣው በ31ኛው ቀን አካባቢ ነው። በ12ኛው ቀን ስትደክሙ፣ በ31ኛው ቀን ደግሞ «አልፏል» ብላችሁ ጀርባ ትሰጣጣላችሁ። ሽንት ላይ የሚነከረው የኦቩሌሽን ስትሪፕም ቢሆን ላንቺ ብዙ አይታመንም። ስትሪፑ የሚያነበው ኤልኤች የሚባል ሆርሞን ፒሲኦኤስ ላይ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል በየቀኑ «ዛሬ ነው» ሊልሽ ይችላል። ብርሽን ያዢ። ባልሽ ቤት ባለ ጊዜ ሁሉ ተገናኙ፤ ክኒን ስንጀምር ደግሞ ቀኑን በአልትራሳውንድ ለይተን እንነግራችኋለን፣ እሱም ጭነቱን ያስተካክላል።

አሁን «እሱ ጤነኛ ነው» ወዳልሽው ልምጣ። በምን አወቃችሁ?

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሴት እንዳንቺው በፒሲኦኤስ መጣችልኝ። ወጣት ነበርኩ፣ መጽሐፉ ትዝ ይለኛል፣ በሽታዋ ግልጽ ነው፤ ክሎሚድ ጻፍኩላት። እንቁላሏ ወጣ፤ ደስ አለኝ። አላረገዘችም። ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ፣ አምስት ዙር ደረስን። በየወሩ ታለቅሳለች፣ እኔም «ይሆናል» እላለሁ። በስድስተኛው ባልየውን ከታክሲ ተራ ለምነን አስመጣንና የዘር ፈሳሹን አስመረመርነው። ምንም የለም። ዜሮ። አንድም ስፐርም አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ የሴትየዋን ኦቫሪ ያስጨነቅሁት በከንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የባል ምርመራ ሳላይ እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን አልጽፍም፤ ቢቆጡም አልጽፍም።

እኛ ሀገር ወንድ «ምንም አይለኝም» ሲል ስለ አልጋው እያወራ ነው። ስፐርም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በጉልበት አይታወቅም። ፊት ከሌላ ሴት ልጅ ወልዶ ቢሆን እንኳ ያኔ ያለው ዛሬ አለ ማለት አይደለም። ለሹፌር ደግሞ የተለየ ነገር አለ፤ ሙሉ ቀን ሞተር ላይ ተቀምጦ ታችኛው የሰውነት ክፍል ሲሞቅ ዘሩ ሊቀንስ ይችላል። ጫቱ፣ ሲጋራው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሲታከልበት አይረዳም። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ምርመራው ግን ካንቺ ሁሉ ምርመራ ይቀላል፣ ይረክሳልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ግንኙነት ሳያደርግ ይቆያል። ናሙናውን ላብራቶሪው ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ከቤት የሚያመጣ ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፣ በብልቃጡ እንዳለ ልብስ ውስጥ፣ ሰውነቱ አጠገብ ይዞት። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ በ1 ሰዓት? ቃሊቲ ላይ ትራፊክ ከያዘህ በጸሎት ካልሆነ አይሆንም፤ ስለዚህ ወይ እዚያው ይስጥ ወይ ቅርብ ላብራቶሪ ፈልጉ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ኮንዶም አይነካው፤ ስፐርሙን ይጎዱታል። ውጤቱ ላይ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ 42 በመቶ የሚል የመነሻ መስመር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ትንሽ ከዚያ ቢያንስ አለቀለት ማለት አይደለም። ስፐርም ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ከምናምን ይፈጃል፤ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ያበላሽበታል። አንዴ ካላማረ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል።

ወዳንቺ ምርመራ ስንመጣ ብዙ አይደለም። ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲን፣ የስኳር ምርመራ። የስኳሩ በባዶ ሆድ ተለክቶ፣ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚደገመው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፒሲኦኤስ ያላት ሴት የጾም ስኳሯ ደህና ሆኖ ከምግብ በኋላ ከፍ ሊል ይችላል። አንድ ሙሉ ገጽ የሆርሞን ዝርዝር ካዘዙሽ «ይሄኛው ሕክምናዬን በምን ይቀይረዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ነውር የለውም። የማይቀይር ከሆነ ገንዘብሽን ለአልትራሳውንድ ክትትል አስቀምጪው።

እንቁላሉ ከኦቫሪ ወደ ማህፀን የሚሄድበት ቱቦሽ ክፍት ነው ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ቀለም ገብቶ በራጅ የሚነሳ ምርመራ አለ። የማህፀን ኢንፌክሽን ይዞሽ ከነበረ፣ ውርጃ ካለ፣ ትርፍ አንጀት ወይም ሌላ የሆድ ኦፕሬሽን ካለ፣ ክኒን ሳንጀምር እናነሳዋለን። ምንም ከሌለ ጥቂት ዙር ክኒን ሞክረን ማየት ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እኛ ሀገር የቱቦ መዘጋት ብዙ ስለሆነ፣ ሳይታከም የቀረ ኢንፌክሽንም ድምፅ ስለማያሰማ፣ ቶሎ ማንሳቱን እመርጣለሁ። ያማል? የፔሬድ ቁርጠት ያህል፣ ለአንዳንዷ ትንሽ በለጥ ያለ። ቀድመሽ ማስታገሻ ውጪ።

አሁን ክሎሚዱ። ሁለት ጊዜ ወስጄ አልሠራም አልሽ። እኔ ደግሞ አልሠራም ለማለት ምንም ማስረጃ የለንም እላለሁ። በስንተኛው ቀን ጀመርሽ? ስንት ሚሊግራም? በ12ኛው ቀን አካባቢ ማን አየልሽ? ፎሊክሉ አድጎ ነበር ወይ? ባልሽ ያን ሰሞን ቤት ነበር? አምስቱም መልስ የላቸውም። ፋርማሲስቱ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን ክሎሚድ እንደ ፓራሲታሞል ከመስኮት የሚሸጥ ነገር አይደለም። ሦስትና አራት ፎሊክል አብሮ ሊያድግ ይችላል፤ መንታ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ከመንታም በላይ ሊመጣ ይችላል። ዓይን ካደበዘዘብሽ ደግሞ ወዲያው የሚቆም መድኃኒት ነው። ይሄን ነግሮሻል?

ዛሬ ለፒሲኦኤስ በመጀመሪያ የምናስበው ሌትሮዞል ነው። አንድ ትልቅ ጥናት አለ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ 750 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች በሁለት ተከፍለው እስከ 5 ዙር ታከሙ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ ልጅ ታቀፉ፤ ክሎሚድ ከወሰዱት 19.1 በመቶ። ከፍ ያለ ክብደት ላላቸው ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ነው የታየው። ቁጥሩን ልብ በይው፤ ትልቁም 27.5 ነው። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ አንድ ወር ሞክረሽ ሳይሆን ሲቀር «እኔ ላይ አይሠራም» እንዳትይ ነው።

ሌትሮዞልን ገዝተሽ ወረቀቱን ስታነቢ ትደነግጫለሽ፤ የጡት ካንሰር መድኃኒት ይላል። እውነት ነው፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ለጥቂት ቀን ዝቅ ያደርጋል፤ አንጎልሽ «ኢስትሮጅን ጠፋ» ብሎ ኦቫሪውን ይቀሰቅሳል፣ ቆመው ከነበሩት አንዷ ታድጋለች። የሚወሰደው ለ5 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከሰውነት ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከፔሬድ 3ኛ ቀን ጀምሮ በ2.5 ሚሊግራም እንጀምራለን፤ ካልበቃ በሚቀጥለው ዙር ይጨመራል። ይሄን የጻፍኩት ሐኪምሽ የሚያዝልሽን እንድታውቂ ነው እንጂ ወደ ፋርማሲው መስኮት እንድትመለሺ አይደለም፣ እባክሽ።

ከዚያ በ11ኛው እስከ 13ኛው ቀን አልትራሳውንድ ትታያለሽ። አንድ ፎሊክል 18 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነች ባልሽ ጋ ይደወላል። እንቁላል መውጣቱን በደም ማረጋገጥ ከፈለግን ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይለካል፤ እዚህ ላይ «21ኛው ቀን» የሚባለው ነገር ስንቷን አሳስቷል። ትክክሉ ከሚጠበቀው ፔሬድ 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ 21ኛ ቀን የሚሆነው ለ28 ቀን ሴት ብቻ ነው።

ፔሬድሽ ጨርሶ ከጠፋ፣ የሚያመጣ ክኒን ለ10 ቀን ያህል ይሰጥሻል። እሱን ከመጀመርሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ! ፔሬዷ የተዛባ ሴት ማርገዟን የምታውቀው ዘግይታ ነው፤ «እንደ ልማዱ ነው የቀረው» ትላለች። ልጅ ባትፈልጊ እንኳ 3 ወር ሙሉ ሳይደማ መቆየት ለማህፀን ግድግዳ ጥሩ አይደለም፤ ዝም ብሎ ይወፍራል።

ሜትፎርሚን ያስመለሰሽ በአንዴ ብዙ ስለጀመርሽ ይመስለኛል፣ ወይም በባዶ ሆድ ስለዋጥሽው። በ500 ሚሊግራም፣ ከእራት ጋር፣ እየበላሽ መሀል ላይ። አንድ ሳምንት ለምደሽው ነው ወደ ሁለት የሚኬደው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነትም አለ፣ ለሆድ ይሻላል። ለብቻው ልጅ የሚያመጣ ተአምረኛ አይደለም፤ ኢንሱሊኑን ያረጋጋል፣ አንዳንዷ ላይ ፔሬዱን ይመልሳል፣ ክኒኑን ያግዛል። ጾም ላይ ከሆንሽ እስከ 9 ሰዓት ለምትቆይባቸው ቀናት ጠዋት አትዋጪው፤ ወደ ምግብሽ አዙሪው። ሌላ ነገር፤ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፣ ቢ12 ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርቡን ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው።

ስለ ክብደት ማውራት አልወድም፤ ሴቶች ክሊኒክ ውስጥ በቂ ተሰድበዋል። ቀጫጭን ሴቶችም ፒሲኦኤስ ይይዛቸዋል። ግን ያንቺ 78 ኪሎ ላይ 5 በመቶ ማለት 4 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ አንዳንዷ ላይ ያለ ክኒን እንቁላል ያስወጣል። ምን ልተው ካልሽ፣ መጀመሪያ የሚጠጣውን ስኳር። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ፣ ቡና ላይ ሁለት፣ በቀን አራት ስኒ፣ ከዚያ ለስላሳ፤ ቁጠሪውና ራስሽ ትደነግጫለሽ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ጥሩ ነው፤ እንጀራው ይቀነስ፣ ወጡ ይብዛ። የጾም ቀን ጣጣው ምግቡ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ርቦሽ ገብተሽ ዳቦ በሻይ ላይ መውደቅሽ ነው። እንቅስቃሴ ለሚሉት ጂም አልልሽም። ብሎክሽ ሊፍት ከሌለው ደረጃው አለ፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ፣ መንገዱ ጭቃ ካልሆነ።

ፎሊክ አሲድ ዛሬ ጀምሪ፤ ይሄን ለነገ አትበይው። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚዘጋው በተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማርገዝሽን የምታውቂው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሀገራችን ውስጥ አከርካሪው ክፍት ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ብዙ ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም መደበኛው ነው፤ ከክብደትሽ የተነሳ ወይም ስኳር ከተገኘ ሐኪምሽ 5 ሚሊግራሙን ሊያዝልሽ ይችላል።

የት ልሂድ ላልሽው፣ ጤና ጣቢያሽ ሄደሽ ሪፈር አጽፊ፤ ለአንቺ የሚቀርበው የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። መጀመሪያ ያልኩሽ ሁሉ በተራ የማህፀን ሐኪም የሚሠራ ነው፤ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ማስጸነስ) ብለሽ አሁን አትጨነቂ። እንቁላል መውጣቱ እየታየ ስድስት ዙር ያህል ካለፈና ካልሆነ፣ ወይም የባልሽ ውጤት በጣም ዝቅ ካለ፣ ወይም ሁለቱም ቱቦ ከተዘጋ ያኔ ይታሰባል። በ2011 ዓ.ም. ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የተከፈተው ማዕከል ከመንግሥት የመጀመሪያው ነው። እዚያ ብትደርሺ ፒሲኦኤስ እንዳለብሽ ቀድመሽ ንገሪ፤ እንቁላል ለማሳደግ በሚሰጠው መርፌ ላይ ኦቫሪሽ ከልክ በላይ ሊነሳ ስለሚችል መጠኑን ዝቅ አድርገው ነው የሚጀምሩት።

አማትሽን በተመለከተ። ጸበሉ ከክኒኑ ጋር አይጣላም፤ ሂጂ፣ ልብሽን ካረጋጋው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ «መድኃኒት እየወሰድሽ አይሆንም» የሚል ሰው ቢኖር ክኒንሽን ከመጣልሽ በፊት የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። የተቀቀለ ሥርና ቅጠል ግን፣ ምንነቱ የማይታወቅ፣ ክኒን በጀመርሽበት ዙር አትጠጪ፤ አርግዘሽ ሊሆን ይችላላ። ለእሳቸው ደግሞ «እማዬ፣ ሁለታችንም ምርመራ ጀምረናል» በያቸው። «ሁለታችንም» የሚለውን ቃል ልጃቸው ራሱ ቢላቸው ይሻላል፤ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ሰበብ ይመስላል፣ ከሱ ሲወጣ ይዋጣል።

ካረገዝሽ ሜትፎርሚኑን ራስሽ አታቁሚ፣ ጠይቂ። የስኳር ምርመራውም በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ይደረግልሽ፤ ከ24 እስከ 28 ሳምንት መሀል ደግሞ ይደገማል። በሁለት ወር ውስጥ አልትራሳውንድ ታዪ፤ ያንቺን እርግዝና ከመጨረሻ ፔሬድ ተነስቶ መቁጠር ልክ አይመጣም። አንዷን «12 ሳምንት ሆኖሻል፣ ልጁ ግን አላደገም» ብለው አስለቅሰው ልከውልኝ ነበር፤ ሳያት 8 ሳምንት ናት፣ ልቡ ድም ድም ይላል። ፔሬዷ በ2 ወር ነበር የሚመጣው፣ የጠየቃት የለም።

እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለሁበት ክሊኒክ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እገኛለሁ፤ ሌላ ሐኪም ጋም ብትሄጂ ይዘሽ የምትመጪው ያው ነው። ያለፉትን ፔሬዶችሽን ቀን በደብተር ጻፊ፣ የምታስታውሺውን ያህል። የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ የክሎሚዱን ባዶ ፓኬት አምጪ። ባልሽንም። ከሐዋሳ ሲመለስ በፍጥነት መንገዱ ከመጣ መውጫው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኤፍኤስአሩን ዳር ያቁመውና ግማሽ ሰዓት ይስጠን። ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ደግሞ ይታገስ፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አስነብቢው።